የፊተኛው ወንበር

ታሪኩን ስትጽፍ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አማቷን እማማ የሻረግን በሰው ፊት አንገት ማስደፋት። ልጇን ከወለደች በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ ከምርጊቱ ጭድ እየነቀለች ስምንት ወር ስትተኛ፣ አሮጊቷ በየማለዳው በሩን በዘነዘና እየደበደቡ፣ "ተነሺ! ዘንድሮ ስንፍናም በሽታ ሆነ እንዴ?" ሲሉ ጎረቤት ሁሉ ይሰማ ነበር።

ሐኪም ሕመሟ ድባቴ መሆኑን ነግሮ፣ አክሞ ሲያድናት ብዕር አነሳች። ጭዱንም፣ ዘነዘናውንም፣ ስድቡንም አንድ ሳታስቀር ጻፈች። ጤና ጣቢያው በሴቶች ስብሰባ ላይ እንድታነበው ሲጋብዛት፣ እማማ የሻረግን እጃቸውን ይዛ ወስዳ ከፊተኛው ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

አነበበች።

"ምን ዓይነት አረመኔ አማት ናት እናንተ!" አለች አንዷ።

"ዘነዘናው በራሷ አናት ላይ ይረፍ!" አለች ሌላዋ።

ከወረቀቱ ቀና ብትል አሮጊቷ በነጠላቸው ጫፍ ዕንባቸውን ይጠርጋሉ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እማማ የሻረግ መንገድ ላይ ቆም ብለው ክንዷን ያዙ።

"ማን ነገረሽ ልጄ?"

"ምኑን እማማ?" አለች፣ ጥፋታቸውን በገዛ አፋቸው ልታናዝዛቸው።

"ባልሽን የወለድኩ ጊዜ ወደ ግድግዳ ዞሬ ጭድ ስነቅል መክረሜን ነዋ። ያቺን አማቴንስ ከነዘነዘናዋ የት አገኘሻት?"