የሕመም ምስክር

አቶ ጥጋቡ እሑድ ከምሳ በኋላ ከሶፋው ተነሥተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሰደርያ እንደሚለብሱ ለቤተሰቡ በይፋ አስታወቁ።

አዲሱ የሥራ ደንብ ምስክር ያልቀመሰውን ሕመም ሕመም ብሎ አይቆጥርም። ሚስታቸው ሰብለ የአውቶቡስ ሾፌር ናት፤ የወር አበባዋ ሊመጣ ሲል ጡቷ ያብጥና የመቀመጫው ቀበቶ በነካው ቁጥር ዓይኗ ይጨልማል። ሐኪሟ የሆርሞን ነገር ነው ብላታለች። ጨው ቀንሳ፣ ደህና አድርጎ የሚይዝ ጡት መያዣ ገዝታ፣ ኪኒንም ውጣ ሞክራዋለች። የነገን እረፍት የምታገኘው ግን አንድ የቤተሰብ ሰው ሕመሟን ወደ ለባሹ የሚያሻግረውን ሰደርያ ለብሶ "አዎ፣ ያማል" ካለላት ብቻ ነው።

"በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ በሽታ አልነበረም" አሉ አማቷ እማማ የሻሽወርቅ። "ሥራ የጠላ ሰው መቼም ሰበብ አያጣ።"

አቶ ጥጋቡ ሰደርያውን ቆለፉ። ግንባራቸው ላብ አወጣ።

"ይኸው፣ ምንም የለም" አሉ። "ትንሽ ይሞቃል። ለዚህ ነው እንዴ ባስ የምታቆሚው?"

ያኔ ትንሿ ፌቨን ከደጅ እየሮጠች ገባች። እንዲህ ባለው ሰሞን እናቷ እንደማትታቀፍ ከለመደች ቆይታለች፤ ስለዚህ ተንደርድራ የሄደችው ወደ አባቷ ነበር።

አቶ ጥጋቡ የሶፋውን ትራስ ደረታቸው ላይ ለጥፈው ጥግ ተሸጎጡ።

እማማ የሻሽወርቅ ብድግ ብለው ወደ ጓዳ ገቡና በሙቅ ውኃ የተነከረ ፎጣ ይዘው ተመለሱ።

"ወደ ብብትህ ጠጋ አድርገው" አሏቸው። "የሚብሰው እዚያ ጋ ነው።"