ብሎኔ የታል?

ዕድሜያችሁን ከእናታችሁ በላይ የሚያውቅ ባለሥልጣን ገጥሟችሁ ያውቃል? ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች የሴቶች ብሔራዊ ቡድን በረኛ የሆነችውን ልጅ ገጠማት። ወደ ውድድሩ የሚወስዳቸው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ደጅ እየጠበቀ ሳለ፣ የቡድን መሪው መልበሻ ክፍል ገብተው ለዕድሜ ምርመራ የተነሣችውን የግራ እጇን ራጅ ከፖስታ አወጡና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሡት።

"የአንጓሽ አጥንት ገጥሞ አልቋል። ከአሥራ ሰባት አልፈሻል፤ አትሄጂም።"

ተቀያሪዋ በረኛ፣ የመሪው የእህት ልጅ፣ አንድ ቁጥር ማሊያውን ወዲያው ማጥለቅ ጀመረች።

"ኧረ ጋሼ፣ የተወለድኩበትን ቀን እናቴ ታውቀዋለች!"

"እናትሽ ሐኪም ናቸው?"

"አይዞሽ አያቴ፣ ምርኩዝ እንገዛልሻለን" አለች አንዷ ከኋላ፤ ሳቅ ሆነ። አሰልጣኙስ? አቀርቅረው ያልተፈታ የጫማ ክራቸውን ያስሩ ነበር።

በረኛዋ ራጁን ከመሪው እጅ ነጥቃ አየችው። አጥንቶቹ ሙሉና ንጹሕ ነበሩ። ከዚያ የራሷን ግራ አንጓ ተመለከተች፤ አምና ለዚሁ ቡድን ፍጹም ቅጣት ምት ስታድን ተሰብሮ፣ ሐኪሞች የብረት ብሎን የቀበሩበት ጠባሳ እዚያው አለ።

"ጋሼ፣ ብሎኔ የታል?"

ማሊያው ተቀያሪዋ አንገት ላይ ቀረ።

"ነይ፣ ቢሮ ገብተን እንነጋገር" አሉ መሪው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ራጁን ሊቀበሏት እጃቸውን እየዘረጉ።

እሷ ግን ሁሉም እንዲያየው ከፍ አድርጋ ያዘችው።

"ቢሮ አልገባም። እዚሁ፣ ሁሉም እየሰማ ይንገሩኝ፤ ይሄ የማን እጅ ነው?"