የታንጉት ሦስት ጨዋታዎች

ታንጉት በእንግሊዝ የክፍለ ሀገር ክለቦች ውድድር፣ በካውንቲ ክሪኬት፣ የተጫወተችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። በሦስተኛው ጨዋታ አምስት መቺዎችን አስወጣች። በሳምንቱ ታገደች።

ክሱ ኳስ ስትለቅ ክርኗን ታጥፋለች የሚል ነው። በክሪኬት ኳስ የሚለቀቀው ክንድ ተዘርግቶ ነው፤ ክርን ያጠፈ አጭበረበረ ይባላል። አንድ ሰው ጥቆማ ጽፎ ከቪዲዮ ጋር ልኳል። ማን እንደሆነ አልተነገረም።

«የኔ ልጅ የማይገባትን አትወስድም!» አለ አባቷ ገብረመድህን።

ገብረመድህን ኦስሎ ውስጥ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ክሪኬትን ያስለመዱት ፓኪስታናውያን የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ልጁን በስምንት ዓመቷ ግሮሩድ ሜዳ ወስዶ ለአሰልጣኙ ለፊሊፕ ያስረከባትም እሱ ነው።

የጠረጠረው ይህንኑ ፊሊፕን ነበር። «ገና ነሽ፣ እንግሊዝ አትሂጂ» ብሏት ነበርና። ኦስሎ ግሮንላንድ ሰፈር ካለው የበርበሬ ሱቅ ውስጥ ሲገናኙ ፊሊፕ እጁን ቢዘረጋለት ገብረመድህን አልጨበጠውም።

«ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማነው? ክንዷን ካንተ በላይ የሚያውቅ ማን አለ?»

ፊሊፕ በርበሬውን ይዞ ወጣ። ለገብረመድህን ይኼ በቂው ነበር።

ታንጉት ኦስሎ፣ ትሮስተሩድ ሰፈር፣ ወላጆቿ ቤት ተመለሰች። ከሰዓት ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ሕፃናት ትጠብቃለች፤ ጠዋት ጠዋት ግሮሩድ ሄዳ ኳስ ትለቃለች፤ ያውም ፊሊፕ አጠገቧ ቆሞ ክርኗ እንዳይታጠፍ እያየላት። የልጁ የዋህነት ገብረመድህንን አንገበገበው።

«አባዬ፣ ተወው በቃ» አለችው።

«ስምሽን አጥፍተው? ሞቼ ነው የምተወው! የዚያን ሰው ስም በአደባባይ አስጠራዋለሁ።»

ታንጉት ትንሽ አሰበች። «እሺ፣ ላገዱኝ ሰዎች ጻፍላቸው» አለች።

ጻፈ። መልስ ሲያጣ ደገመ፣ ሠለሰ። ለአራተኛው ደብዳቤው መልስ የያዘ ፖስታ መጣ። ሳይከፍተው ኪሱ ከተተና ቅዳሜ ግሮሩድ ሜዳ ሄደ። ጨዋታው ለሻይ ተቋርጦ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ገብረመድህን ቀጥ ብሎ ፊሊፕ ፊት ቆመ።

«ስምህን እዚሁ፣ ሁሉም ባለበት እንሰማዋለን!» ብሎ ፖስታውን ቀደደ።

ታንጉት ከተመልካቾቹ መካከል ተነስታ አባቷ አጠገብ መጥታ ቆመች።

ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ «ጥቆማውን ያቀረበው ሰው ስሙ እንዲነገርዎ ፈቅዷል። እሱም...»

ታንጉት ገብረመድህን።