ጣውላው ገና አልጠጣም

ባለሙጫው ሥራውን ያውቃል። የደረቀ ጣውላ ክዳን ባለው የብረት ገንዳ ውስጥ ይከታል፣ አየሩን በፓምፕ ይመጥጣል፣ ከዚያ ሙጫውን ይለቃል። እንጨቱ እንደተጠማ በሬ ይጠጣል። ምድጃ ገብቶ ሲወጣ ምስጥ ጥርሱን ይሰብርበታል።

አሮጊቷ የመጡት ዝናቡ ሊጀምር ሲል ነው።

«ሰው የሚያህል ጣውላ እፈልጋለሁ፤ ከወይራ። እግሩ መሬት ይቀበራል፣ ላዩ ላይ ይጻፍበታል። ዝናብ እንዳይበላው።»

«ስንት ዓመት እንዲቆይ ነው፣ እማማ?»

«እኔ ባልኖርም እንዲኖር ነው።»

ባለሙጫው ነገሩ ገባውና ሆዱ ባባ። አባቱ የሞቱት መገነዣቸውን ባስገዙ በሳምንቱ ነበር። ለመቃብሩ የተሰናዳን ሰው ሞት አያልፈውም ብሎ ያምናል፤ በዚህ ማንም አይከራከረውም። አሮጊቷ ደግሞ ነፋስ ቢገፋቸው የሚወድቁ ናቸው።

ስለዚህ ማዘግየት ጀመረ።

ሲመጡ «ገና አልጠጣም» ይላቸዋል። ሌላ ጊዜ «ወይራ እንደ አማት ግትር ነው፤ ሙጫው ልቡ ድረስ ካልገባ ዋጋ የለውም» ይላል። አሮጊቷ ጣውላውን በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ ያደርጉና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ።

«ደርሷል እኮ፣ የኔ ጌታ። እኔ ጊዜ የለኝም።»

«ችኮላ ምን ያደርጋል? ገና ብዙ ይኖራሉ።»

መሮ የሚይዘው ታናሽ ወንድሙ አንድ ቀን አላስችል አለው። «ጣውላው ካለቀለት ቆየ እኮ። ሴትዮዋን ለምን ታመላልሳቸዋለህ?»

«ዝም በል። ይሄ ጣውላ ከዚህ እስካልወጣ ድረስ አይሞቱም።»

እውነትም አልሞቱም። ባለሙጫው በልቡ ኮራ።

በመካከሉ አንድ ሻንጣ ያነገተ ጎልማሳ ዝናብ ሸሽቶ ገባ። ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባዶ ሜዳ ሲያይ ቆየ።

«እዚያ የነበሩት ቤቶችስ?»

«ፈረሱ። መንገድ ሊወጣበት ነው።»

«ሰዎቹ የት ገቡ?»

ባለሙጫው ፓምፑን እየጠበቀ ነበር፤ ዞር አላለም። «ማን ያውቃል፣ ወንድሜ። እንደ ጨው ዘር ተበተኑ። ሽማግሌዎቹማ ብዙዎቹ ሞተዋል ይባላል።»

ሰውየው ግድግዳው ላይ የተደገፈውን የወይራ ጣውላ በጣቱ መገጣጠሚያ ኳ ኳ እያደረገ ዝናቡ እስኪያባራ ቆመ። ከዚያ ሻንጣውን አንግቶ በመጣበት ተመለሰ።

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ አሮጊቷ መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። «ዛሬ ሳልወስድ አልነሳም» አሉ፤ አለቀሱም። ባለሙጫው ተሸነፈ። ጣውላውን ጠረጴዛው ላይ ሲያጋድም የገዛ እናቱን የሚቀብር ያህል ከፋው።

ታናሹ መሮውን አነሳ። «ስምዎንና የተወለዱበትን ዓመት ይንገሩኝ፣ እማማ።»

«የምን ስሜን?» አሉ አሮጊቷ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «እንዲህ ብለህ ጻፍልኝ፦ ልጄ፣ ቤታችን ፈርሷል፤ እኔ ግን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አለሁ።»