የውሻው ስም «ናልኝ» ነበር

«ይሄን ውሻ ከላዬ ላይ አንሺልኝ! ሱፌን አበላሸው እኮ!»

አብኔዘር ነው የሚጮኸው… ገና እናቱ ቤት እግሩን ከማስገባቱ።

ውሻው ምን አደረገ? ደስ ብሎት ዘለለበት። ሌላ ጥፋት የለውም።

እማማ ወለተማርያም ቤት እኮ እንግዳ ብርቅ ነው! ገርጂ ኮንዶሚኒየም፣ ምድር ቤት፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት…

ብቻቸውን እንኳን አይባልም። ናልኝ አለ።

አዎ፣ የውሻው ስም «ናልኝ» ነው።

ቤተክርስቲያን ሲሳለሙ ደጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ቴሌቪዥን እያዩ «አየኸው ይሄን ቀጣፊ?» ሲሉት ጆሮውን አቁሞ ያዳምጣል። ነጠላ ጫማቸውን ሰርቆ አልጋ ስር ሲገባማ እንደ ልጅ እየሳቁ ያባርሩታል።

ጎረቤታቸው ሉላ «ናልኝ ከመጣ ወዲህ የእማማ ሳቅ ግድግዳ አልፎ ይሰማኛል» ትላለች።

ልጅየውስ?

ልጅየው ሰሚት ነው የሚኖረው። ሥራ ሲገባም ሲወጣም በእናቱ ሰፈር ያልፋል። ከፋሲካ ወዲህ ግን ደጇን ረግጦ አያውቅም!

ታዲያ ዛሬ ምን እግር ጣለው? ናፍቆት እንዳይመስላችሁ…

አለቃው ቦሌ ሆቴል ውስጥ ልጁን ይድራል። ሰው «እናትህስ?» ብሎ እንዳይጠይቀው ይዟት ሊሄድ ነው። እናት እንደ ከረባት!

«አትቆጣው፣ ሰው ሲያይ ደስ ብሎት ነው… ለብሼ መጣሁ ልጄ» ብለው እማማ ወደ ጓዳ ገቡ።

አብኔዘር ሱፉን አየ። ጭቃ… የውሻ ፀጉር… ደሙ ፈላ።

ናልኝን ጎትቶ መኪናው ኋላ ወረወረው። ኢምፔሪያልን አለፍ ብሎ አንድ ያላለቀ ህንፃ አጠገብ ጣለውና ወደ ሰርጉ ነዳ።

እናቱስ? «ብመለስ ስለ ውሻው ትጠይቀኛለች… ትቅር፣ ነገ አስረዳታለሁ» አለ። አይ የልጅ ነገር!

እማማ ነጭ የሀበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ሽቶ ነካ አድርገው ብቅ ሲሉ… ቤቱ ጭር ብሏል።

ልጅም የለም። ውሻም የለም።

…

ሰርጉ ደምቋል። አብኔዘር ሱፉን በሶፍት ይጠርጋል።

አጠገቡ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባው ሄርሞን ስልኳን አስጠጋችለት። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«ይሄን ቲክቶክ እየው በእናትህ…»

ነጭ የለበሱ እናት፣ ገርጂ ዋናው መንገድ ላይ፣ በሚኒባስና በሰው መሃል እየዞሩ ይጣራሉ።

«ናልኝ! ናልኝ! የት ሄድክብኝ የኔ ጌታ… ናልኝ!»

ከስር «እኚህ እናት ልጃቸው ጠፍቶባቸው ነው፣ ሼር አድርጉ» ተብሎ ተጽፏል።

«እንዲህ እየተጠራ የሚቀር ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው?» አለች ሄርሞን።

«እንዲህ ዓይነቱስ ባይወለድ ይሻላል!» አለ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ።

አብኔዘር «ውሻዋን እኮ ነው» ሊል አፉን ከፈተ…

ግን ስሙን ያን ጊዜ ገና ሰማው።

የአገራችን ሰው ለሰው መናገር ያቃተውን በውሻው ስም ይናገራል። ይሄን ማን አጥቶት!

ተነስቶ ወጣ። ያላለቀው ህንፃ ጋ ቆሞ በሱፍ፣ በከረባት «ናልኝ! ናልኝ!» እያለ ጮኸ። ዘበኛው ያበደ መስሎት ዱላውን አነሳ።

ማንም አልመጣም።

ገርጂ ሲደርስ እናቱ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። ጭቃ የለበሰ ውሻ ነጩ ቀሚሳቸው ላይ ተኝቷል። እግሩ ደምቷል።

«እማዬ! እንዴት ተገኘ?»

«ማንም አላመጣውም። ራሱ መጣ።»

«ይቅር በዪኝ… ያ ስም ለእኔ ነበር አይደል?»

«ሰፈሩ ሁሉ ገብቶታል። ውሻ ብቻ የምጠራ የመሰለህ አንተ ነህ።»

ቀና ብለው እንኳን አላዩትም።

«ለማንኛውም ስሙን ቀይሬዋለሁ።»

«ማን አልሽው?»

እማማ የውሻውን ግንባር ከነጭቃው ሳሙት።

«መጣልኝ።»

…

ስሙኝማ! እናታችሁ ውሻ ብታሳድግ፣ ድመት ብታሳድግ «ደግሞ ይሄ ምን ያደርግላታል?» እያላችሁ አታሽሟጥጡ። እናንተ በሌላችሁበት ቤት የሚያስቃት እሱ ነው። በሩ ሲንኳኳ አብሯት የሚነሳው እሱ ነው። መሄድ ካቃታችሁ ቢያንስ ያላትን አትቀሟት!

አሁን ኮመንት ላይ በእውነት መልሱልኝ…

እናታችሁ ዛሬ ቡችላ ብታገኝ ስሙን ማን ትለው ነበር?