አጥር የዘለለው ገመድ

"ቆመች! ኧረ ተመልከቱ… አፏን ከፍታ ቀረች!"

ይመር ስልኩን ከፍ አድርጎ ለሸማ ተራ ነጋዴ ሁሉ አሳየ።

ስክሪኑ ላይ ሰዓደት ነጠላ እንደዘረጋች ደርቃለች… ጥለቱ እንኳ በቅጡ አይታይም።

ሰዓደት ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ለቃ፣ ከቤቷ ሆና በላይቭ ነጠላና ጋቢ የምትሸጥ ሴት ናት።

ይመር ደግሞ የተራው ጅምላ ሻጭ… ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው።

ኔትወርኳ በተቆራረጠ ቁጥር ደንበኛ ጥሏት ይሄዳል።

ደንበኛ በሄደ ቁጥር ይመር ዕቃዋን በርካሽ ሊጠቀልል ይጠጋታል።

በዚያው ዕለት ቤቷ መጣ። እኔ ለሱቄ ነጠላ ልመርጥ ሄጄ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ነበር።

"ሰዓደት፣ ዕቃውን በሙሉ ልቀቂልኝ… እኔ በምለው ዋጋ።"

"አልለቅም።"

"ፋሲካ ካለፈ ማን ይገዛሻል? ብል ነው የሚበላው!"

"ብል ይብላው፣ ጋሼ… እርስዎ ከሚበሉት።"

ሳቄን ዋጥኩ።

ይመር ግን ፊቱ ጠቆረ። "የፊታችን ቅዳሜ ከፋሲካ በፊት የመጨረሻ ላይቭሽ ነው። ከቆመ ሰኞ ዕቃውን ልጭን መኪና ይዤ እመጣለሁ።"

"ካልቆመስ?"

"ካልቆመ… እኔ ራሴ ካንቺ እገዛለሁ! አንቺ ባልሽው ዋጋ!"

እየሳቀ ወጣ። ምስክሩ እኔ ነኝ… እኔ ደግሞ የሰው ቃል አይጠፋብኝም።

የባሏ ወንድም ሙናዊር አውቶቡስ ተራ ስልክ ይጠግናል። እኔ እዚያው እያለሁ እሱን አስጠራችው።

"ያንቺ መስመር ብቻውን አይችልም" አላት። "ሌላ የቤት ኢንተርኔት ተጨምሮ ሁለቱ ቢጣመሩ ይበቃሻል። ግን አዲስ እስኪያስገቡልሽ ፋሲካ ያልፋል።"

"ማጣመር ማለት?" አልኩት።

"ጋሼ፣ አንድ ትልቅ የጨርቅ ቦንዳ አለዎት እንበል። ሁለት ተሸካሚ ቀጥረው ቦንዳውን እንዳለ ለአንዱ ካሸከሙት ሌላው ቆሞ ያያል። ፈትተው ለሁለቱ ሲያካፍሉት ነው የሚፈጥነው። እኔም ቪዲዮውን ከፋፍዬ በሁለቱ መስመር እልከዋለሁ… ማዶ ሲደርስ ይገጣጠማል።"

ገባኝ።

"ታዲያ ሁለተኛውን ተሸካሚ ከየት እናምጣ?"



ቅዳሜ ደረሰ… ይመር እኔ ሱቅ መጥቶ ተቀመጠ። ስትወድቅ አብረን እንድናይ ነው።

ስልኩ ላይ ሰዓደት ነጠላውን ዘረጋች… ጥለቱ ክር በክር ይታያል!

"ቆይ፣ አሁን ይቆማል" አለ።

አልቆመም።

የሚሸጥ የሐበሻ ቀሚስ አነሳች… አልቆመም።

ጋቢውን ገለጠች… ትእዛዙ ይዘንብ ጀመር። "የኔ ነው!"… "ለእናቴም ያዢልኝ!"…

ይመር ላብ አጠመቀው።

"ከየት አመጣችው?!" ብሎ ተነስቶ በአጥሩ ሊያያት ወደ ቤቱ ገሰገሰ።

ተከተልኩት። እንዲህ ያለው ነገር እንዲያመልጠኝ አልፈቅድም።

በሩን በርግዶ ሲገባ…

ከራሱ ሳሎን የተነሳ ገመድ በመስኮት ወጥቶ፣ አጥሩን ዘሎ ሰዓደት ቤት ገብቷል።

ሚስቱ እቴቴ ገመዱ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች።

"ማን ነው ይህን የሰጠው?!"

"እኔ።"

"ሳታስፈቅጂኝ?!"

ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ስማ ይመር… ራት ላይ 'ሰኞ ዕቃዋን ጠራርጌ እጭናለሁ' እያልክ ስትፎክር ሰምቼሃለሁ። ሰዓደት አጥሩን ስታንኳኳ ገመዱን አቀበልኳት። እኔና ሰዓደት በዚህ አጥር እሳት ስንጫጫር ኖረናል። ለፍም አስፈቅጄህ አላውቅም… ለኢንተርኔት ላስፈቅድህ?"

"መስመሩ የኔ ነው!"

"በስሜ ነው የገባው። እምቢ ካልክ ንቀለው! ግን ገመዱ ሲመለስ እኔ አጥሩን ዘልዬ እሄዳለሁ።"

ይመር እጁን ወደ ገመዱ ዘረጋ… እቴቴን አየ… እኔን አየ…

እጁን ሰበሰበ።

በዚህ መሃል ከአጥሩ ማዶ የሰዓደት ድምፅ ተሰማ። ላይቩ ላይ ናት።

"ይሄን ጋቢ ግን አትጠይቁኝ… የጋሼ ይመር ነው። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም!"

ሰኞ መኪናው አልመጣም።

ይመር ብቻውን መጣ… ጋቢውን እሷ ባለችው ዋጋ ገዛ። አልተከራከረም።

ወዳጆቼ… ጉልበተኛ የሚያሸንፈው ሰውን ነጥሎ ሲያገኘው ነው።

"ማንም የለሽም" ሲሏችሁ ከማጎንበሳችሁ በፊት አጥሩን አንኳኩ። በተነሳባችሁ ሰው ቤት ውስጥም የናንተ ወገን ሊኖር ይችላል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ…

እቴቴን ብትሆኑ ገመዱን ታቀብሉ ነበር? ይመርን ብትሆኑስ… ትነቅሉት ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ… እውነቱን ብቻ!