ከበሩ ኋላ

ልብስ ሰፊዋ ስፒሎቿን በከንፈሯ ነክሳ የቀሚሱን ጫፍ እያስተካከለች ነው። ቀሚሱን የለበሰችው የገዛ ልጇ ናት፤ ዛሬ ለፊልም የምትቀረፀው እሷ ናት። ልጅቷ ጎንበስ አለችና ጆሮዋ ላይ አንሾካሾከች።

«እማዬ፣ አባዬ ከበሩ ኋላ ነው ያለው። ስከፍተው አገኘዋለሁ።»

እናት መጮህ አልቻለችም፤ አፏ ሙሉ ስፒል ነው። መዳፏ ላይ ተፍታ እስክትጨርስ «ጸጥታ!» ተብሎ ልጅቷ ወደ በሩ ሮጣለች።

«ማነው እንደዚህ ያላት?»

ካሜራ ያዡ ጫማውን ማየት ጀመረ። ዳይሬክተሩ ግን ፈገግ አለ፤ የማያፍር!

«እህቴ፣ ፊልሙ እኮ አስማተኛ ዓለም ስላገኘች ልጅ ነው። ፊቷ በደስታ መብራት አለበት። ከጠዋት ጀምሮ ሞክረን እምቢ አለን። ትንሽ ውሸት ናት፣ ማንንም አትጎዳም።»

ማንንም አትጎዳም! አባቷ ከተቀበረ ገና ዓመቱ ነው። ልጅቷ እስከ ዛሬ የሱን ሹራብ ታቅፋ ነው የምትተኛው። እናት ልትጮህ አፏን ስትከፍት በሩ ተከፈተ።

አቤት ያ ፊት! ባሏ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ሲበራ አይታው አታውቅም። ያን ሁሉ ብርሃን ደግሞ እነዚህ ሰዎች ሰረቁት። ከበሩ ኋላ ያለው የተወጠረ አረንጓዴ ጨርቅ ብቻ ነው፤ ዓለሙን በኋላ በኮምፒውተር ይሠሩታል። ልጅቷ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ አየች። ጎንበስ ብላም ከሥሩ አየች።

«ግሩም ነው!» ዳይሬክተሩ አጨበጨበ። «አንድ ጊዜ እንድገመው።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ይልቅ እየሮጠች መጣች።

«እማዬ፣ ቀስ ብዬ ስለከፈትኩት ነው የሄደብኝ። አሁን ቶሎ እከፍተዋለሁ።»

ተመልሳም የበሩን እጀታ ያዘች።

እናት መቀሷን ከኪሷ አውጥታ ማንንም ሳታይ ወደ በሩ ሄደች፤ ከልጇ ኋላ ተንበርክካ ቀሚሱን ከአንገቱ እስከ ወገቡ ተረተረችው።

«ምን ነክቶሻል! ሌላ ቀሚስ የለንም እኮ!» ዳይሬክተሩ ጮኸ።

«መኖር አለመኖሩን ለኔ ትነግረኛለህ? እኔ ነኝ የሰፋሁት። ከንግዲህ ሞኝህን ፈልግ!»

ልጇን በገዛ ሹራቧ ጠቅልላ አቀፈቻት።

«አባዬ እዚያ የለም፣ የኔ እናት። ቶሎ ብትከፍቺውም የለም። ዋሽተውሽ ነው።»

እናት ልጇን እንዳቀፈች ተነስታ ልትራመድ ስትል የሆነ ነገር ወደ ኋላ ያዛት። ዞር ብላ አየች። የልጇ እጅ እጀታውን አልለቀቀም።